የሮኬት መነሻ ቀን ለምን ይራዘማል? የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት የዘገየችበት ምክንያትና ለወላይታ ዞን ያለው ትርጉም

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ 12 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ፣ በሰሜን ቻይና ሻንሺ ግዛት ከሚገኘው የታይዩዋን የሳተላይት ማምጠቂያ ማዕከል ሎንግ ማርች 4ቢ የተባለ ሮኬት ተነሣ። ሮኬቱ ዘጠኝ ሳተላይቶችን ጭኗል። ከእነዚህ አንዷ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ስትሆን፣ ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በዚያው ሰዓት አዲስ አበባ እንጦጦ ላይ በሚገኘው የኅዋ ምርምር ማዕከል ባለሥልጣናትና ሳይንቲስቶች ተሰብስበው ጉዞዋን በቀጥታ ሥርጭት ይከታተሉ ነበር።

ይህ ቀን ግን በመጀመሪያ የተነገረው ቀን አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ዕቅድ ሳተላይቷ በ2012 አዲስ ዓመት መግቢያ፣ በመስከረም ወር አካባቢ እንደምትመጥቅ ያመለክት ነበር። መስከረም አለፈ። ቀጥሎ ታኅሣሥ 7 ተባለ፤ እርሱም አልፎ ሮኬቱ ከሦስት ቀን በኋላ ተነሣ። እንዲህ ያለ የቀን ለውጥ በተሰማ ቁጥር «ሳተላይቷ ተበላሽታለች»፣ «ገንዘብ ጎድሏል»፣ «ሊሰረዝ ነው» የሚሉ ግምቶች በቀላሉ ይናፈሳሉ። የሳተላይት መረጃ የሚያስፈልጋቸው የዞንና የወረዳ ባለሙያዎች፣ ተማሪዎችና አርሶ አደሮች ደግሞ የሚጠብቁት አገልግሎት ከዚህ ቀን ጋር የተያያዘ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ይፈልጋሉ። ይህ ጽሑፍ ስለ መዘግየቱ ከሚሰነዘሩ ግምቶች የትኛው ሚዛን እንደሚደፋ፣ የትኛው መሠረት እንደሌለው፣ በወላይታ ዞንም መዘግየቱ ምን እንዳጎደለና ምን እንዳላጎደለ ያብራራል።

ኮንትራቱን የያዘው ማን ነበር?

ከወላይታ ሶዶ መናኸሪያ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ሁለት ዓይነት ጉዞ ያውቃል። ተሽከርካሪውን በኮንትራት የያዘ ሰው የመነሻውን ሰዓት ራሱ ይወስናል። በዚያው ተሽከርካሪ በተረፈ ወንበር የተሳፈረ መንገደኛ ግን የሚነሣው ኮንትራቱን የያዘው ሰው ዝግጁ ሲሆን ነው። ሻንጣው ከማለዳ ጀምሮ ታስሮ ቢቀመጥም ሰዓቱን አያፋጥነውም።

የታኅሣሡን ሮኬት በኮንትራት የያዘችው ሲበርስ-4ኤ የተባለችው የብራዚልና የቻይና የጋራ ሳተላይት ነበረች። ክብደቷ 1,730 ኪሎ ግራም ነው፤ ይህም የኢትዮጵያን ሳተላይት ከሃያ ጊዜ በላይ ይበልጣል። የሮኬቱ ምሕዋር፣ የመነሻው ሰዓትና የመነሻው ቀን የተወሰኑት ለእርሷ በሚስማማ መንገድ ነው። ኢቲአርኤስኤስ-1 እና ሌሎቹ ሰባት ሳተላይቶች ተደራቢ ተሳፋሪዎች ነበሩ። ከእነርሱም አንዷ ፍሎሪፓሳት-1 የተባለች፣ የብራዚል ሳንታ ካታሪና ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሯት በእጅ ልትያዝ የምትችል ትንሽ ሳተላይት ነበረች። ይህ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ትምህርት ለሚከታተሉ ወጣቶች ሊታወቅ የሚገባው ነገር ነው፤ የተማሪዎች ሥራም በእንዲህ ያለ የተረፈ ወንበር ወደ ኅዋ ይደርሳል።

ስለዚህ የቀን ለውጥ ሲሰማ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት «የእኛ ሳተላይት ምን ሆነች?» ሳይሆን «ዋናዋ ተሳፋሪ ተዘጋጅታለች ወይ?» የሚለው ነው። ሲበርስ-4ኤ የመጨረሻ ግጣሟና ፍተሻዋ የተካሄደው በብራዚል የኅዋ ምርምር ተቋም ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ቻይና ተጓጉዛ ከሮኬቱ ጋር መገጣጠም ነበረባት። በሁለት አህጉራት የሚካሄድ እንዲህ ያለ ሥራ በየደረጃው ሊጓተት የሚችል ነው። በጋራ ሮኬት መጓዝ ለኢትዮጵያ ወጪን የሚቀንስ ምርጫ ነበር፤ የሳተላይቷን ወጪም አብዛኛውን የሸፈነው የቻይና መንግሥት ነው። በምላሹ ግን ቀን የመወሰን ሥልጣን አይገኝም። ይህ ጉድለት ሳይሆን የውሉ ባሕርይ ነው።

የግንቦት 2011ዱ አደጋ

ከመስከረም ወደ ታኅሣሥ ለተደረገው ሽግግር ከሚቀርቡት ግምቶች ሁሉ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው አንድ ክስተት አለ። ግንቦት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ከዚያው ከታይዩዋን ማዕከል የተነሣ ሎንግ ማርች 4ሲ የተባለ ሮኬት ያኦጋን-33 የተባለችውን የቻይና ሳተላይት ምሕዋሯ ላይ ሳያደርስ ቀረ። የመጀመሪያውና ሁለተኛው እርከን በሚገባ ሠርተው ሦስተኛው እርከን ላይ ችግር መድረሱ በይፋ ተነግሯል።

ሎንግ ማርች 4ሲ እና ኢትዮጵያ የተሳፈረችበት ሎንግ ማርች 4ቢ የአንድ ቤተሰብ ሮኬቶች ናቸው፤ የሦስተኛ እርከናቸው አሠራርም ይቀራረባል። በዚህ ሙያ አንድ ሮኬት ሲወድቅ የችግሩ ምንጭ እስኪታወቅ ድረስ ወንድሞቹም ይታገዳሉ። ሌላ ሳተላይት ጭኖ መሞከር ማለት ያልተጠገነ ፍሬን ይዞ ቁልቁለት እንደ መውረድ ነው።

የቤተሰቡ ሮኬት እንደገና የበረረው መስከረም 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በኢትዮጵያ የእንቁጣጣሽ ማለዳ ሎንግ ማርች 4ቢ የቻይና የመሬት ሀብት መቃኛ ሳተላይት ይዞ ከታይዩዋን ተነሥቶ በሰላም አደረሰ። ጥቅምት 23 ቀንም ሌላ ሎንግ ማርች 4ቢ በረረ፤ በእርሱም ላይ የጎረቤታችን የሱዳን የመጀመሪያ ሳተላይት በተደራቢነት ተሳፍራ ነበር። የኢትዮጵያ ተራ የደረሰው ከዚህ አንድ ወር ተኩል ያህል ቆይቶ ነው።

ቀኖቹን በተርታ ሲያዩአቸው ስዕሉ ግልጽ ይሆናል። በግንቦት የደረሰው ውድቀት የክረምት ወራትን ከወሰደ፣ ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ ወረፋ የያዙ ሳተላይቶች በየተራ መሄድ ካለባቸው፣ በመስከረም ይመጥቃል የተባለ ተደራቢ ጭነት ወደ ታኅሣሥ ቢገፋ የሚያስገርም አይደለም። ይህ ከቀኖቹ ቅደም ተከተል የተወሰደ ግምት እንጂ የታተመ ማረጋገጫ አይደለም። ቢሆንም «ሳተላይቷ ተበላሽታ ነው» ከሚለው ወሬ እጅግ የተሻለ መሠረት አለው፤ ሳተላይቷ ከመጠቀች በኋላ ወደ ሥራ መግባቷም ያንን ወሬ ያዳክመዋል።

ብራዚል በበኩሏ ለመቸኮል ምክንያት አልነበራትም። የሲበርስ-4ኤ ቀዳሚ እህት ሲበርስ-3 ኅዳር 30 ቀን 2006 ዓ.ም. በዚያው ዓይነት ሮኬት፣ ከዚያው ማዕከል ተነሥታ ጠፍታለች። የሦስተኛው እርከን ሞተር ሊቆም ከሚገባው 11 ሰከንድ ቀድሞ በመቆሙ ሳተላይቷ የምሕዋሯን ፍጥነት ሳታገኝ ቀረች። ለዓመታት የተደከመበት ሥራ በአሥራ አንድ ሰከንድ ልዩነት የከሸፈበት ተቋም፣ በግንቦት 2011 እንደገና የሦስተኛ እርከን ችግር ሲሰማ ተጨማሪ ፍተሻ ቢጠይቅ የሚነቀፍ አይሆንም።

ሦስቱ ቀናት

ከታኅሣሥ 7 ወደ 10 የተደረገው ሽግሽግ ከመጀመሪያው የተለየ ባሕርይ አለው። ሦስት ወር የሚወስድ ምክንያትና ሦስት ቀን የሚወስድ ምክንያት አንድ አይደሉም።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፣ እንዲህ ያለ ሮኬት በአንድ ቀን ያለው ዕድል አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ኢቲአርኤስኤስ-1 በ628 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከፀሐይ ጋር በተጣጣመ ምሕዋር እንድትዞር የታቀደች ናት። በዚህ ምሕዋር ያለች ሳተላይት በአንድ አካባቢ ላይ የምታልፈው ሁልጊዜ በተመሳሳይ የቀን ሰዓት ነው። የዳሞታ ተራራ ጥላ በጥር በተነሣው ምስልና በመጋቢት በተነሣው ምስል ላይ ተቀራራቢ ካልሆነ ሁለቱን አነጻጽሮ ደን ጨመረ ወይስ ቀነሰ ለማለት ያስቸግራልና ነው። ይህ እንዲሳካ ግን ሮኬቱ መነሣት ያለበት መሬት በዑደቷ ማምጠቂያ ጣቢያውን ትክክለኛው ቦታ ላይ ስታደርሰው ነው። ያቺ አጭር ጊዜ ካመለጠች የሚጠበቀው ቀጣዩ ቀን ነው። «ነፋሱ እስኪበርድ ከሰዓት በኋላ እናድርገው» ማለት አይቻልም።

በሰሜን ቻይና ተራሮች ታኅሣሥ የብርቱ ክረምት ወር ነው። በከፍተኛው የከባቢ አየር ክፍል የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ በዚህ ወቅት ይበረታል፤ ሮኬት ደግሞ በፍጥነት ሽቅብ በሚወጣበት ሰዓት ከጎን የሚመታውን ነፋስ የሚቋቋመው እስከተወሰነ መጠን ብቻ ነው። ሎንግ ማርች 4ቢ ለማቃጠያነት የሚጠቀምበት ናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ የተባለ ፈሳሽም ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይረጋል፤ በዚያ አካባቢ የሌሊት ቅዝቃዜ ከዚህ በታች ሊወርድ ይችላል። ከዚህ ሌላ ታይዩዋን ከባሕር የራቀ ማዕከል በመሆኑ የሮኬቱ የመጀመሪያ እርከኖች የሚወድቁት የብስ ላይ ነው። በሚወድቁበት አቅጣጫ የሚኖሩ ሰዎች አስቀድመው መነገር፣ የአየር ክልሉም ለአውሮፕላኖች መዘጋት አለበት። ከእነዚህ አንዱ ሳይሟላ ቢቀር ቀኑ ያልፋል።

ለአንድ ቀን ንፋስ የአንድ ቀን መዘግየት ይበቃ ነበር። ሦስት ቀን የሚያመለክተው ወይ ለጥቂት ቀናት የቆየ ብርቱ የአየር ጠባይ፣ ወይም መልሶ ማየት ያስፈለገው የፍተሻ ውጤት ነው። ከሁለቱ አንዱን ያለማስረጃ መርጦ እንደ እውነት ማሰራጨት ተገቢ አይሆንም። ሁለቱም ግን የጥንቃቄ ምልክት እንጂ የውድቀት ምልክት አይደሉም።

ተመሳሳይ ነገር በጎረቤት ኬንያ ላይም ደርሷል። ታይፋ-1 የተባለችው የኬንያ ሳተላይት በአሜሪካው የስፔስኤክስ ኩባንያ ፋልከን 9 የንግድ ሮኬት ከሌሎች ከአርባ በላይ ጭነቶች ጋር ተሳፍራ፣ በአየር ጠባይ ምክንያት ጉዞዋ ከአንድ ጊዜ በላይ ከተራዘመ በኋላ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. መጥቃለች። በኬንያ ምክንያቱ ወዲያው ስለተነገረ ሕዝቡ የሚከታተለው የቀጣዩን ቀን ትንበያ ነበር። ቀን ብቻ ተነግሮ ምክንያቱ ሳይነገር ሲቀር ግን ክፍተቱን ወሬ ይሞላዋል። ቀንን የሚያስታውቁ ተቋማት ሁሉ ይህን ልምድ ቢወስዱ ይበጃል። አንባቢም በበኩሉ ከወራት በፊት የሚነገር ቀን ዕቅድ፣ ለአውሮፕላን አብራሪዎች የአየር ክልል መዘጋት ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ የሚነገር ቀን ደግሞ ወደ እርግጠኝነት የተጠጋ መሆኑን ቢለይ ከብዙ ግራ መጋባት ይድናል።

የኢትዮጵያ ሁለተኛዋ ሳተላይት ኢቲ-ስማርት-አርኤስኤስ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. የተጓዘችው ደግሞ በሎንግ ማርች 8 የመጀመሪያ በረራ ላይ ነበር። አዲስ ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበርር የቀን ለውጥ ይበልጥ የሚጠበቅ ነው።

ከሳተላይቷ ጋር የማይገናኙ ቅሬታዎች

የሳተላይቷ መዘግየት የማይመለከታቸው አገልግሎቶች ከእርሷ ጋር ሲያያዙ ይሰማል። የቴሌቪዥን ሥርጭት አንዱ ነው። ኢቲአርኤስኤስ-1 የመሬት መቃኛ እንጂ የሥርጭት ሳተላይት አይደለችም። በየቤቱ ጣሪያ ያለው ሳሕን የሚቀበለው 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ካሉ ሌሎች ሳተላይቶች ነው። የአየር ትንበያም እንዲሁ ነው፤ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የደመናን እንቅስቃሴ የሚከታተለው በተለይ ሜቴኦሳት በተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በመሆኑ፣ የበልግ ትንበያ ኢቲአርኤስኤስ-1ን የሚጠብቅበት ምክንያት አልነበረም።

ሦስተኛው ጉዳይ በወላይታ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። የሕዝብ አሰፋፈር በተጠጋጋበት በዚህ ዞን የእርሻ ይዞታ ጠባብ ነው፤ የድንበር ክርክርም በአንድ እርምጃ ስፋት ሊነሣ ይችላል። የኢቲአርኤስኤስ-1 ካሜራ በምስሉ ላይ የሚያሳየው ትንሹ ነጥብ በመሬት ላይ 13.75 ሜትር በ13.75 ሜትር ያህል ነው፤ ይህም 189 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሩብ ሄክታር የሆነ አንድ ጥማድ መሬት በምስሏ ላይ 13 ነጥብ ብቻ ነው። የሁለት ጎረቤታሞች ድንበር በአንድ ነጥብ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የሚዘጋጀው በመስክ ልኬትና እጅግ በጠራ የአየር ፎቶግራፍ ወይም ምስል በመሆኑ፣ «ሳተላይቷ ስትመጥቅ ድንበሬ ይለያል» ብሎ የጠበቀ ሰው ያለ ምክንያት ጠብቋል። ጉዳዩ የሚቀርበው ለቀበሌውና ለወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው።

ወላይታ ከዚህ ምን አጣች?

ሳተላይቷ በእርግጥ የምታገለግለው ሰፋ ባለ መሬት ላይ የሚታይ ለውጥን ለመከታተል ነው። በዞኑ ለዚህ የሚሆን ጥሩ ምሳሌ አለ። በሁምቦ ወረዳ በተራቆቱ ኮረብታዎች ላይ 2,728 ሄክታር መሬት ከግጦሽና ከቆረጣ ተጠብቆ፣ ከተቆረጡ ዛፎች ጉቶና ሥር የሚያቆጠቁጠውን በመንከባከብ ደኑ እንዲመለስ ተደርጓል። ሥራው በኅብረት ሥራ ማኅበራት የተደራጁ ነዋሪዎች የሚመሩት ሲሆን፣ በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር ሥር ተመዝግቦ ለተከማቸው ካርቦን ክፍያ ማስገኘት ችሏል። ይህን ያህል ስፋት በኢቲአርኤስኤስ-1 ምስል ላይ ከ144,000 በላይ ነጥቦች ይሆናል። አንድ ጥማድ ላይ ምንም የማትናገር ካሜራ በሁምቦ ኮረብታዎች ላይ ብዙ ትናገራለች። በአባያ ሐይቅ ላይ ከተፋሰሱ የሚታጠበው አፈር ውኃውን እንዴት እንደሚያቀላውም ከላይ በግልጽ የሚታይ ነው።

መዘግየቱ የሚለካው በዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው። የሳተላይቷ ካሜራ ደመናን ሰንጥቆ አያይም። በወላይታ በልግ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ክረምቱም ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚዘንብ መሬቱን አጥርቶ ለማየት የሚመቸው በጋው ነው። ሳተላይቷ በመስከረም መጥቃ ቢሆን ኖሮ የፍተሻ ጊዜዋን በጥቅምትና በኅዳር ጨርሳ የታኅሣሥን፣ የጥርንና የየካቲትን ጥርት ያለ ሰማይ ሙሉ በሙሉ ልትጠቀምበት ትችል ነበር። በታኅሣሥ አጋማሽ በመምጠቋ የዚያ በጋ ከፊሉ በፍተሻ አልፏል። የጠፋው ይህ ነው፤ ትንሽ አይደለም፣ ግን የአንድ በጋ ቁራጭ ነው።

በሌላ በኩል የሳተላይቷ የአገልግሎት ዘመን በሁለት ዓመት የታቀደ ሲሆን፣ የሚቆጠረው ከመጠቀችበት ቀን ጀምሮ እንጂ ከተነገረው ቀን አይደለም። መሬት ላይ ስትጠብቅ ያሳለፈቻቸው ሦስት ወራት ከዕድሜዋ አልተቀነሱም። በችኮላ ተጭና ባልተመረመረ ሮኬት ብትወድቅ ኖሮ ግን ሁለቱም ዓመታት በአንድ ማለዳ ይጠፉ ነበር።

በአሁኑ ጊዜ የወላይታ ዞንን የሚመለከት የሳተላይት ምስል፣ የአየር ፎቶግራፍ ወይም ካርታ የሚፈልጉ ተቋማት፣ ተመራማሪዎችና ግለሰቦች ጥያቄያቸውን የሚያቀርቡት አዲስ አበባ ለሚገኘው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ነው። ጥያቄው የቦታውን ስም፣ ወረዳውን፣ የሚፈለገውን ዓመትና ወር፣ እንዲሁም ምስሉ ለምን ሥራ እንደሚውል ቢገልጽ ተስማሚውን ምስል ለመምረጥ ይረዳል፤ ወሩን በሚመርጡበት ጊዜም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያሉት ወራት ቢቀድሙ ከደመና የጸዳ ምስል የማግኘት ዕድል ከፍ ይላል። እስከ 10 ሜትር የሚያሳዩት የአውሮፓ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ምስሎችና የአሜሪካ ላንድሳት ምስሎች ደግሞ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ሁሉ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያወርዳቸው የሚችል በመሆኑ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች ሥራቸውን በእነዚህ ሊጀምሩ ይችላሉ።